የጋሼ ቆጣሪ ሽርሽር

የሄድኩት እህቴን ልወስዳት ነው። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በትንሿ ከተማዬ፣ በሰፊው ቤቴ ውስጥ ከራሴ ጋር ስነታረክ የምውል ሴት ነኝ። እሷ ደግሞ በትልቁ ከተማ፣ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ምላሱን ከዋጠ ባል ጋር ትኖራለች። "ነይና አብረን እናርጅ" አልኳት በስልክ። "መጥተሽ ውሰጂኝ" አለችኝ። ለእሷ የሚሆነውን ክፍል ቀለም አስቀብቼ፣ መጋረጃ ሰቅዬ ነው የተነሳሁት።

ባሏ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ሰፈሩ በሙሉ "ጋሼ ቆጣሪ" ይለዋል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሥራው ከግቢ ግቢ እየዞረ፣ ጥግ ላይ የተቀበረውን የሣጥን ክዳን እያነሳ፣ ቁጥሩን አይቶ መመዝገብ ነው። ጎንበስ ይላል፣ ያያል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ይህንኑ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ወደ መሬት ያዘነበለ ሰው ስለሆነ ሰላም ሲላችሁ እንኳ እግራችሁ ሥር የወደቀ ነገር የሚፈልግ ይመስላል።

እትዬ፣ ማለት ታላቅ እህቴ፣ የደንብ ልብስ በሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ ኖራ አምና ጡረታ ወጣች። የስፌት መኪናው ፔዳል ጉልበቷን በልቶታል። ልጅ አልሰጣቸውም። ሥራ ላይ እያለች ጓደኞች ነበሯት፤ ሳቁም ሐሜቱም እዚያው ነበር። ቤቷ ውስጥ ምን እንዳለ ያየችው ጡረታ ስትወጣ ነው። ማታ እየመጣ፣ ጫማውን አውልቆ፣ የቀረበለትን በልቶ፣ "ተመስገን" ብሎ የሚተኛ አንድ ሰው አለ። ሌላ ምንም የለም።

"ቀኑን ሙሉ እግሩን ለከተማው ሰጥቶ ለእኔ ጫማውን ይዞልኝ ይመጣል" አለችኝ በደረስኩበት ዕለት፣ ወጥ ቤት ቆመን ዕቃ ስናጥብ። "ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ስኖር የማውቀው ከቤት ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ቤት ነው። ዛሬ ድፍት ብል፣ እሷ እኮ እንዲህ ነበረች የሚል ሰው የለኝም። ለማን ብዬ ልቀመጥ?"

"አብራችሁ ወጣ አትሉም እንዴ?"

"የት ልንሄድ? ከበር ከወጣሽ ሁሉም ነገር ገንዘብ ነው። ቁጭ ብለሽ አላፊ አግዳሚውን ለማየት እንኳ ሻይ ማዘዝ አለብሽ። በእሱ ደሞዝና በእኔ ጡረታ ደግሞ ሽርሽር ያምረኛል?"

ጋሼ ቆጣሪ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። የዚያ ቤት ግድግዳ ደግሞ ስሙ ነው እንጂ ግድግዳ አይባልም፤ ሁሉንም ሰምቷል። ሻይ ይዤለት ስገባ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ እንደተከለ "የምትሄዱት እሁድ ነው?" አለኝ።

"እሁድ ጠዋት ነው ጋሼ። ቲኬቱን ቅዳሜ እንቆርጣለን።"

ራሱን ነቀነቀና ሻዩን ፉት አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይለምናል፣ ይቆጣል፣ ሽማግሌ ይጠራል። ይሄኛው ስኳሩን አማሰለ። ቆሽቴ አረረ።

በማግስቱ ግን ጠዋት ጥሎን ይሄዳል ስንል ፊቱን ታጥቦ፣ የደህና ቀን ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆመ። ፈቃድ ወስዷል። የዓመት ፈቃዱን ሳይነካው እያቃጠለ የኖረ ሰው ነውና እትዬ አሞት ይሆናል ብላ ግንባሩን ዳሰሰችው።

"ተነሺ፣ እንውጣ" አላት።

"የት?"

"ሳንቲም የማይከፈልበት ቦታ አለ። ብዙ አለ።"

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። "እሷ ካልመጣች አልወጣም። በዚህ ዕድሜዬ ከወንድ ጋር ጎን ለጎን ስሄድ ሰው ምን ይለኛል?"

"ባልሽ እኮ ነው" አልኳት።

"ባሌ መሆኑን ሰው በምን ያውቃል? አብረን ታይተን አናውቅ።"

የባልና ሚስቱ ሽርሽር በዚህ ምክንያት የሦስት ሰው ሆነ። እኔም የሚሆነውን ለማየት ጓጉቼ ነበር፤ ነጠላ ጫማዬን በደህና ጫማ ቀይሬ ተከተልኳቸው።

ሽርሽር ሲባል እኔ የማውቀው ቀስ ብሎ መራመድን ነው። ጋሼ ቆጣሪ ፊት ፊት ሆኖ ይገሰግሳል፤ እኛ ከኋላ እየተንጠባጠብን እንከተላለን። መጀመሪያ የወሰደን የአንድ ማተሚያ ቤት ጓሮ ነው። ሰፊ መስኮት አለው። በመስኮቱ ወረቀቱ ከትልቁ ጥቅል እየተፈታ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ሲገባና በሌላው በኩል ታጥፎ፣ ጋዜጣ ሆኖ ሲወጣ ይታያል። እትዬ ዕድሜዋን በሙሉ ከጨርቅ ጋር ስትታገል የኖረች ናት። ያ ሁሉ ወረቀት ሳይሸበሸብ፣ ሳይጣመም ሲሮጥ ስታይ አፏን ከፍታ ቀረች። "ይሄ ነው" አላት ጋሼ ቆጣሪ። መስኮቱ ደረት ላይ የሚደርስ ቢሆንም እሱ ከልማዱ ጎንበስ ብሎ አየት አደረገና መንገዱን ቀጠለ።

ቀጥሎ የስታዲየሙ ጀርባ ሄድን። የተማሪዎች ግጥሚያ ነበር። ግንቡ ሥር ቆማችሁ፣ ጨዋታውን ሳታዩ፣ በሕዝቡ ጩኸት ብቻ ማን እንዳገባ ትገምታላችሁ። "ጩኸቱ እየረዘመ ከሄደ ገብታለች፤ መሐል ላይ ከተቆረጠ ስታለች ማለት ነው" ብሎ አስረዳን። አንድ ሰው እንኳ ሳይጮህ ግን እሱ መንገዱን አጋምሶት ነበር። ከዚያ የማዘጋጃ ቤቱ ችግኝ ጣቢያ ደረስን። አትክልተኛዋ ከሩቅ አይታው "ኧረ ግቡ፣ አረፍ በሉ" ስትል "ሌላ ጊዜ" አላት። ከዚያ የከተማው ጣሪያ ሁሉ የሚታይበት ደረጃ፣ ከዚያ ሙዚቃ የሚሰማበት የትምህርት ቤት አጥር። የትም ብንደርስ "ይሄ ነው" ይላል፣ ይሄዳል።

ነገሩ የገባኝ እዚያ ደረጃ ላይ ትንፋሼ ሲቆራረጥ ነው። ሰውየው ሚስቱን እያናፈሳት አልነበረም፤ ቆጣሪ እያስነበባት ነበር።

እትዬ ጉልበቷን ይዛ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

"ምነው? ገና እኮ አላለቀም" አላት።

"ስማ፣ ይህን ሁሉ ቦታ አሳየኸኝ። የቱ ላይ ተቀመጥን?"

ከልቡ ግራ ገባው። "መቀመጥ?" አለ። "አየሽው አይደል እንዴ?"

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንፈርስ ነበር። እትዬ ግን አልሳቀችም። ቤት ስንደርስ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አቧራውን መጥረግ ጀመረች። ውስጤ አዘነ ብል ውሸት ነው። መጋረጃውን አረንጓዴ ያደረግኩት እሷ አረንጓዴ ስለምትወድ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ስትገልጠው እያሰብኩ ልብሷን አጣጠፍኩላት።

በማግስቱ ጋሼ ቆጣሪ የትም አልሄደም። ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ይነሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ምን ነካው ብዬ በመስኮት ሳየው ቆየሁ። በኋላ ነው የገባኝ፤ መቀመጥ እየተለማመደ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የአልጋቸውን ብርድ ልብስ አጥፎ ብብቱ ሥር ይዞ መጣ።

"ዛሬ አንድ ቦታ ብቻ ነው" አላት። "እንቀመጣለን።"

ምናልባት ያ ብርድ ልብስ ይሆናል እሺ ያሰኛት። የወሰደን ከተማው የሚጠጣው ውሃ የሚጠራቀምበት ጉብታ ላይ ነው። አቀበቱን ቀስ ብለን፣ እያረፍን ወጣነው። እሱም ስንቆም ቆመ እንጂ ጥሎን አልሄደም። ላይ ስንደርስ ሣር የበቀለበት ሰፊ ሜዳ፣ አንድ ትልቅ የሲሚንቶ ጋን፣ ከጋኑ ሆድ ወጥቶ ወደ ቁልቁለቱ የሚወርድ ወፍራም የብረት ቧንቧ አገኘን። ከሥራችን ከተማው ተዘርግቷል። ሬዲዮ የታቀፉ አንድ አዛውንት ዘበኛ ብቻ አሉ።

"ጆሮሽን እዚህ አድርጊ" አላት ጋሼ ቆጣሪ፣ ቧንቧውን እያሳየ።

"ቆሻሻ ነው እኮ።"

ዘበኛው ፈጠን ብለው በእጅጌያቸው ጠረጉላት። እትዬ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ግንባሯ ሲኮሳተር፣ ቀስ በቀስ ሲፈታ አየሁ።

"የሆነ ነገር ይሄዳል" አለች በሹክሹክታ። "ይሄዳል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይሄዳል።"

"ከተማው ነው" አላት። "ሰው ቧንቧ ሲከፍትና ሲዘጋ ነው። ጠዋት ሁሉም ፊቱን ሲታጠብ ይጮኻል። ከሰዓት ያንቀላፋል። ይሄ ደግሞ ልብስ የሚያጥቡት ናቸው።"

እሱም በወዲያኛው በኩል ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ፊት ለፊት ሆኑ፤ በአንድ ትራስ የተኙ ነበር የሚመስሉት። እዚያ መሐል የእኔ ዓይን ምን ይሠራል ብዬ ወደ ከተማው ዞርኩ። ሲበቃቸው ብርድ ልብሱን አንጥፎ አስቀመጣት፤ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። ጉልበቱን አቅፎ፣ ተነስ የሚለው ሰው እንደሚጠብቅ ሁሉ ዙሪያውን ቢያይም አልተነሳም።

ነገሩን ያበላሹት፣ ወይም ያዳኑት፣ ዘበኛው ናቸው።

"ያ ጉልበት አቀበቱን እንዴት ቻለው?" አሏት በደግ ፊት።

"የቱ ጉልበት?"

"የቀኙ ነው አይደል? ብርድ ሲሆን የሚብስብዎ።"

እትዬ ጉልበቷን በቀሚሷ ሸፈነች፣ የታየባት ይመስል። "ማን ነገረዎት?"

"እሱ ነዋ። ቆጣሪውን ሊያነብ በመጣ ቁጥር እኮ ወሬው እርስዎ ነዎት። ፊቱ ወደ ሣጥኑ ነው፣ እጁ ይጽፋል፣ አፉ ግን የባለቤቱን ነገር ያወራል። ጡረታ የወጡ ሰሞንማ በጣም ከፍቶት ነበር። 'ማንጎራጎሯን ተወች' ብሎኝ፣ እኔም አብሬው አዘንኩ።"

ጋሼ ቆጣሪ ሣር ይነጭ ጀመር። እትዬ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። ስንወርድ በችግኝ ጣቢያው በር አለፍን፤ አትክልተኛዋ እጇን እየጠረገች ብቅ አለች። እትዬን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና "ከቁርጥራጭ ጨርቅ አልጋ ልብስ የሰፉት እርስዎ ነዎት? ባለቤትዎ አበባውን ሁሉ ከእሱ ጋር ሲያስተያይብኝ ነው የኖረው፤ ይሄኛው ቀዩን ይመስላል፣ ያኛው ቢጫውን ይመስላል እያለ" አለቻት። እትዬ "አዎ፣ እኔ ነኝ" አለችና ፊቷን አዞረች። እያለቀሰች ነበር።

ሰው የሌለበት ቅያስ ስንደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ለዘበኛ የምትነግረውን ለእኔ ለምን አትነግረኝም?" አለችው። "ከተማው ሙሉ ጉልበቴን ያውቃል። አንተ እንደምታውቀው ግን እኔ አላውቅም። ማንጎራጎር ተወች ብለህ ለሰው ታማኛለህ፤ ምነው ተውሽ ብለህ ግን አንድ ቀን አልጠየቅከኝም።"

"ታውቂያለሽ ብዬ ነው" አለ።

"በምን ልወቅ? አንድ ቀን አውርተኸኝ ታውቃለህ?"

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ውሸታም አይደለም፣ ክፉም አይደለም፤ ይህን ያን ቀን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሰውየው የሰው ፊት እያየ መናገር አይችልም። ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚወጣው አንገቱን ደፍቶ የሌላ ሰው ቆጣሪ ሲያነብ ብቻ ነው።

"አሁንም ዝም" አለች እትዬ። "ነገ ቲኬታችንን እንቆርጣለን።"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቲኬት ቢሮው ሳይዘጋ ልንደርስ ወጣን። ጋሼ ቆጣሪ ብርድ ልብሱን ይዞ ከኋላችን መጣ። ያን ቀን ፊት ፊት አልሄደም። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ስንደርስ "ትንሽ እንቀመጥ" አለ። እትዬ ቢሮው የሚገኝበትን አቅጣጫ አየች፣ ጉልበቷን አየች፣ ተቀመጠች። እኔ ትንሽ ፈንጠር ብዬ የግንቡ ጠርዝ ላይ አረፍኩ። ከአጥሩ ውስጥ አንድ ተማሪ ፒያኖ ይለማመዳል። ጥሩ አድርጎ ይጀምራል፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ይሳሳታል፣ እንደገና ይጀምራል። ለመስማት የሚከፍል ሰው ቢኖር ገንዘቤ ይመለስልኝ ባይ ነው።

ጋሼ ቆጣሪ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከተማሪውም ይብስ ነበር፤ እሱ መጀመርም አልቻለም። አንጀቴን በላው። እትዬም ስታየው ቆየችና፣ ከእሷ የማልጠብቀውን ነገር አደረገች። ጀርባዋን ሰጥታው ዞር ብላ ተቀመጠች።

"እኔ ዘበኛው ነኝ" አለችው። "አንተ ቆጣሪ እያነበብክ ነው። መሬት መሬቱን እይ።"

ጋሼ ቆጣሪ በእውነትም አንገቱን ደፋ። በሁለቱ ጫማዎቹ መካከል ያለውን አፈር አየ።

"ባለቤትህ እንዴት ናት?" አለች እትዬ።

"ደህና ናት" አለ።

"ጉልበቷስ?"

"ትናንት አቀበት አስወጣኋት። ስትገላበጥ አደረች። ላሽላት ፈልጌ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ተውከው?"

"ተቆጥታኛለች።"

"ምን አድርገሃት?"

"አላናግራትም።" አፈሩን በጫማው አስተካከለ። "ልትሄድብኝ ነው። እህቷ ጋ ልትሄድ ነው። እህቷ ጥሩ ሰው ናት፤ ክፍል ቀለም አስቀብታላታለች። እዚያ የሚያናግራት ሰው ታገኛለች።"

የእኔን ክፍል እንኳ ሰምቶ በሆዱ ይዞት ኖሯል።

"ሂጂ አልካት ወይስ ቅሪ?"

"ምንም አላልኳት።"

"ብትላት ኖሮ ምን ትላት ነበር?"

ፒያኖ የሚለማመደው ልጅ ተሳሳተ፣ ዝም አለ። ምናልባት ደክሞታል።

"ቀኑን ሙሉ የሰው በር ነው የማንኳኳው" አለ ጋሼ ቆጣሪ። "የትም ሄጄ ባንኳኳ ማነው ይሉኛል። ቆጣሪ ነኝ እላለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ማነው ስባል ነው የኖርኩት። ማታ የቤቴ በር ላይ ስደርስ ግን ሳላንኳኳ ትከፍትልኛለች። በኮቴዬ ታውቀኛለች። ማነው ብላኝ አታውቅም። ለዚህ ነው ስገባ ዝም የምለው። እሷ ጋ ስደርስ ማንነቴን መናገር አያስፈልገኝም፤ ያርፍልኛል። ከሄደች በሩን በቁልፍ ከፍቼ ነው የምገባው።"

እትዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ካለሁበት አየሁ።

"ይህን ለእሷ ንገራት" አለችው። ድምጿ የዘበኛ አልነበረም።

"እፈራለሁ።"

"ምን ያስፈራሃል?"

"ዞራ ብታየኝ ይጠፋብኛል።"

እትዬ ዞረች። ቀስ ብላ፣ ጉልበቷን እየደገፈች፣ ሙሉ በሙሉ ዞረችና አየችው። እሱም አንገቱን አቀና። ያን ሰው ባወቅኩት ዘመን ሁሉ የዓይኑን ቀለም አላውቀውም ነበር፤ ቡናማ ነው። "ቅሪልኝ" አላት። አንዲት ቃል ናት፤ ግን ፊቷን እያየ ነው ያላት።

እኔ ተነሳሁ። ቢሮው ሊዘጋ ነውና መሄድ ነበረብኝ። ቆዪ፣ መጣሁ ትለኝ እንደሆነ ብዬ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብዬ ነው የተራመድኩት። ከኋላዬ የሰማሁት ግን የፒያኖው ልጅ እንደገና ሲጀምርና፣ ከእሱም በላይ የእህቴን ማንጎራጎር ነው። ዜማውን ልጁ ከሚሳሳትበት ቦታ አልፋ ሄደችበት።

መስኮቱ ላይ ያለችው ቲኬት ቆራጭ "ለስንት ሰው?" አለችኝ። ዞሬ መንገዱን አየሁ፤ ማንም አልተከተለኝም። "ለአንድ" አልኳት። ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነው መሰለኝ፣ ደግማ ጠየቀችኝ።